አሮጌ መኪና ላይ ኮልድ ኤር ኢንቴክ እንዴት ይገጠማል

ኮልድ ኤር ኢንቴክ፣ ማለትም የፋብሪካውን የአየር ፊልትሮ ሳጥን ተክቶ ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ቱቦና ፊልትሮ፣ መግጠም በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ካቻቢቴ፣ ጥቂት ቁልፎችና የማትቸኩሉበት ግማሽ ቀን ይበቃል። የሚያስቸግረው መኪናው አሮጌ መሆኑ ነው። የደረቀ ጎማ አለ፣ ሲነኩት ስንጥቅ የሚል ፕላስቲክ አለ፣ የዛገ ብሎን አለ፣ ማን እንደቀጠለው የማይታወቅ ሽቦም አይጠፋም። ስለዚህ አብዛኛው ጊዜያችሁ የሚያልቀው አዲሱን ቱቦ በመግጠም ሳይሆን በዙሪያው ባለው አሮጌ ነገር ላይ ነው። ይህን ቀድማችሁ ከተቀበላችሁ ሥራው ጥሩ ሆኖ ይወጣል።

ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አየሩ በእርግጥ ከቀዝቃዛ ቦታ መምጣት አለበት፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውም በፊልትሮው በኩል ብቻ መሆን አለበት። የቱቦው ቀለም፣ ውፍረቱ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አየሩ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ በዚያው መጠን ውስጥ ያለው አየር ወደ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ውጭ 25 ዲግሪ ሆኖ ኮፈን ሥር ያለው አየር 60 ቢደርስ ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። ይህ ቀላል አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ ብዙ የፋብሪካ ፊልትሮ ሳጥኖች ከመጀመሪያውም አየር የሚስቡት ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው። ያንን አውጥታችሁ በምትኩ ክፍት ፊልትሮ ከሞተሩ ጎን ብትተክሉ የምታገኙት የበለጠ ድምፅና የበለጠ ሙቅ አየር ነው። እንዲህ ያለው ቀዝቃዛ አየር ሳቢ ተብሎ ቢሸጥም ሥራው የተገላቢጦሽ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱና የድሮው ሳጥን አፉ ወዴት እንደሚሄድ በእጃችሁ ተከተሉት። ከውጭ የሚስብ ከሆነ፣ ሳጥኑም ካልተሰበረ፣ ከአዲሱ ዕቃ ብዙ ጉልበት አትጠብቁ። ተርቦ በሌለው አሮጌ ሞተር ላይ የሚገኘው ጭማሪ በጥሩ አገጣጠምም ትንሽ ነው፣ ይበልጥ የሚሰማውም ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሽከረከር ነው። ሳጥኑ የተሰነጠቀ፣ ክዳኑ የማይገጥም፣ መሳቢያ አፉ ጠፍቶ ከኮፈን ሥር የሚስብ ከሆነ ግን ለውጡ ትርጉም አለው። እንዲህ ያለ መኪና ደግሞ ብዙ ነው።

ቀጥሎ መኪናችሁ የሚገባውን አየር በምን እንደሚለካ እወቁ። ዕቃ ስትመርጡ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከፊልትሮው ቀጥሎ ቱቦው ላይ ሽቦ የተሰካበት መሣሪያ ካለ የማፍ ሴንሰር ነው፣ የሚያልፈውን አየር በጋለ ቀጭን ሽቦ ይለካል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 80ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ በዚሁ ቦታ የሚገኘው በውስጡ የሚወዛወዝ በር ያለው ትልቅ የብረት ሳጥን ነው። ሁለቱም ከሌሉና ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ግፊት የሚለካ ማፕ ሴንሰር ካለ ዕድለኞች ናችሁ፣ የቱቦው ስፋት ብዙም አያሳስባችሁም።

ማፍ ሴንሰር ላለው መኪና ግን ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቱቦ የውስጥ ስፋቱ ከፋብሪካው ጋር እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ የድሮው 70 ሚሊ ሜትር ሆኖ አዲሱ 76 ቢሆን፣ 6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፣ ነገር ግን የአየሩ መተላለፊያ በ18 በመቶ ገደማ ሰፋ ማለት ነው። ያው መጠን ያለው አየር በሴንሰሩ ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሴንሰሩም አየሩ ትንሽ ነው ብሎ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን ይቀንሳል። በዝግታ ስትነዱ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ስህተቱን ያርም ይሆናል። ሙሉ ስትረግጡ ግን ያ እርማት በአብዛኛው አይሠራም፣ ሞተሩ ቤንዚን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ይራባል። ፒስተን የሚጎዳው እንዲህ ነው። ለመኪናችሁ ሞዴልና ዓመት የተሠራ ዕቃ ግዙ። ለሁሉም ይሆናል የሚባለውን ማፍ ላለው መኪና አልመክርም።

ካርቡራተር ያለው መኪና ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ አይደለም፣ የዚያ አሠራር ሌላ ነው።

ቱቦው ከአሉሚኒየም ወይስ ከፕላስቲክ? አሉሚኒየም ያምራል፣ ግን ሙቀት ይቀበላል። እኔ ወፍራም ፕላስቲክ እመርጣለሁ። ከምንም በላይ ግን ፊልትሮውን ከሞተሩ የሚለይ የላሜራ ወይም የፕላስቲክ መከለያ ያለውን ምረጡ፣ ጠርዙ ላይም ከኮፈኑ ጋር የሚገጥም ጎማ ቢኖረው ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ለኩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ በኋላ ደግሞ ተሻለ ወይስ ባሰ ብሎ ይከራከራል። ምንም ሳትነኩ መኪናውን አሙቁና በአንድ የታወቀ መንገድ ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት ንዱ። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ) የሚቀበል ከሆነ ሁለት ቁጥር ጻፉ፣ አንደኛው የሚገባው አየር ሙቀት፣ ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እያረመ እንደሆነ፣ ስካነሩ ላይ ፊውል ትሪም የሚለው ነው። የውጩን ሙቀትም አብራችሁ ጻፉ። ስካነር የማይቀበል አሮጌ ከሆነ ደግሞ ረጅም ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙና ጫፉን ፊልትሮው አጠገብ አስራችሁ ማሳያውን ወደ ውስጥ አምጡት። ሽቦው ከፋኑና ከቤልቱ ይራቅ።

የቤንዚን እርማቱ አሁኑኑ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። የሆነ ቦታ አየር ይገባል ወይም ሴንሰሩ ቆሽሿል። እሱን ሳታስተካክሉ አዲስ ዕቃ አትጨምሩበት፣ ሁለቱ ችግሮች ተደባልቀው መለየት ያቅታችኋል።

የድሮውን ማውጣት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ይህ ለእጃችሁ ብቻ ሳይሆን ለፕላስቲኩም ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ሬዲዮው ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን ቀድማችሁ ያዙ።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከቅርብ። እያንዳንዱን ትንሽ ጎማ ከመንቀላችሁ በፊት በቴፕ ምልክት አድርጉበት፣ መነሻውና መድረሻው ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ጻፉ። አሮጌ መኪና ላይ ከቱቦው ጋር የሚገናኙት ከምታስቡት በላይ ናቸው። የሞተሩ መተንፈሻ ጎማ አለ፣ ለሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ) አየር የሚወስድ ጎማ ሊኖር ይችላል፣ አንዳንዱ ላይ ከመሪው ፓምፕ የሚመጣ ቀጭን ጎማም አለ።

የሴንሰሮቹን ሶኬት ስትነቅሉ ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ክሊፑን ተጫኑ፣ ሶኬቱን ራሱን ይዛችሁ ወዝወዝ እያደረጋችሁ አውጡ። ለዓመታት ሙቀት የበላው ክሊፕ በቀላሉ ይሰበራል። እምቢ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ለዘብ አድርጋችሁ አሙቁት፣ ይለሰልሳል። ከተሰበረ ሶኬቱ እየተንቀጠቀጠ ሊላቀቅ ስለሚችል በትንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቁት፣ ስትችሉ ግን ቀይሩት።

የደረቀ ጎማም እንዲሁ ነው። ቀጥታ መጎተት ይቀደዋል። መጀመሪያ ዙሪያውን አሽከርክሩት፣ ከተሰካበት ሲላቀቅ ከዚያ ሳቡት። ተጣብቆ የቀረ ከሆነ በስለት ርዝመቱን ቀዳችሁ አውጡትና አዲስ ግዙ። እንዲያውም እጃችሁ ላይ ጠንክሮ የሚታጠፍ፣ ሲታጠፍም ስንጥቅ የሚያሳይ ጎማ ሁሉ አሁን ይቀየር። ርካሽ ነው፣ በኋላ የሚያመጣው ራስ ምታት ግን ብዙ ነው።

አሁን ፋሸታዎቹን (ቱቦውን ዙሪያውን የሚያጠብቁትን የብረት ቀለበቶች) አላሉ፣ ቱቦውን ከትሮትል ቦዲው (ቤንዚን ስትረግጡ ለአየሩ የሚከፈተው በር ያለበት ክፍል) አውጡ፣ ሳጥኑን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። የዛገ ብሎን ካለ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጠብቁ፣ አትታገሉት። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ላይ ተሰክቶ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ብሎኑ ከወጣ በኋላ ወደ ላይ መሳብ ይፈልጋል። ልክ ትሮትል ቦዲው እንደተገለጠ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት። ለስላሳ ወረቀት አታድርጉ፣ ተቀዶ ይገባል። አንዲት ብሎን ወደዚያ ውስጥ ብትወድቅ ሞተር ታስወርዳለች።

የወጣውን ሁሉ፣ ብሎኑን ጨምሮ፣ በካርቶን አስቀምጡ። ለቴክኒክ ምርመራ ወይም መኪናውን ለመሸጥ ትፈልጉት ይሆናል።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት

አዲሱን ቱቦ ውስጡን አጥቡ። አዲስ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሲቆረጥና ሲበየድ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ይኖራል፣ እሱ ከፊልትሮው በኋላ ነው ያለው፣ ስለዚህ የሚያስቆመው የለም፣ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ነጭ ጨርቅ ውስጡ አሳልፉ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቁት።

ማፍ ሴንሰሩን ከድሮው ወደ አዲሱ ስታዛውሩ ሽቦውን በጣት፣ በጨርቅ ወይም በጥጥ አትንኩት። በጣም ስስ ነው። ለማፍ ተብሎ የተሠራውን ማጽጃ ብቻ ንፉበት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። የካርቡራተር ወይም የፍሬን ማጽጃ አይሆንም። ሴንሰሩ ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፣ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ይሁን። በሩ የሚወዛወዘው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ክብደቱን ቱቦው እንዲሸከም አትተዉት፣ የራሱ ድጋፍ ብረት ያስፈልገዋል።

የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ በድሮው ሳጥን ላይ ተሰክቶ ይረሳል። እሱንም ወደ አዲሱ ቱቦ ማዛወር አለባችሁ። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀር የሚለካው የኮፈን ሥርን ሙቀት ነው፣ ኮምፒዩተሩም በሐሰተኛ ቁጥር ይሠራል። ጎሚኒው አልገባም ካለ በሳሙና ውሃ አርጥቡት እንጂ ግሪስ አትቀቡት፣ ግሪስ ጎማውን ይበላዋል።

ትሮትል ቦዲው ክፍት ሳለም ጠርዙን አጽዱት። አሮጌ ቅባትና አፈር ከቀረበት አዲሱ ማገናኛ በደንብ አይዝም።

መግጠም

መጀመሪያ ሁሉንም ሳታጠብቁ አቀማምጡ። ይህ ሕግ ነው። የሲሊኮን ማገናኛውን ትሮትል ቦዲው ላይ አግቡ፣ ፋሸታዎቹን አስቀድማችሁ አስገቡበት፣ ቱቦውን አስገቡ፣ መከለያውን በድሮው ሳጥን ብሎን ቦታ ላይ ላላ አድርጋችሁ ያዙት፣ ፊልትሮውን መጨረሻ ላይ። አሁን ቱቦውን እያሽከረከራችሁ ምቹ ቦታውን ፈልጉለት።

ምን ታያላችሁ? ቱቦው ከቤልቱ፣ ከፋኑ፣ ከቤንዚን ገመዱና ከፍሬን ቧንቧ ይራቅ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ቦዲው ግን ባለበት ይቆማል፣ አሮጌ ሞተር ደግሞ መቀመጫ ጎማው ስለደከመ የበለጠ ይወዛወዛል። የአሉሚኒየም ቱቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ፈጽሞ መነካካት የለበትም፣ ባትሪውም መሸፈኛው ይኑረው። ኮፈኑ መዘጋቱን ለማረጋገጥ የልጆች ጭቃ መሰል መጫወቻ ቱቦው አናት ላይ ትንሽ ለጥፉና ኮፈኑን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት። ከፍታችሁ ስታዩት በጣም ተጨፍልቆ ከሆነ ቱቦውን ዝቅ አድርጉት።

የመተንፈሻውን ጎማ አዲሱ ቱቦ ላይ ባለው አፍ ላይ መልሱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አቋራጭ ይወዳል፣ ጎማውን ነቅሎ ሞተሩ ላይ ትንሽ ፊልትሮ ይሰካል። ንጹሕ ይመስላል። ማፍ ባለው መኪና ላይ ግን በዚያች ትንሽ ፊልትሮ የሚገባው አየር አልተለካም፣ በሞተሩ ሆድ አልፎ ማኒፎልዱ ጋ ይደርሳል፣ ሚኒሞውን ያበላሻል። የቅባት ጭስ ሽታም ይመጣባችኋል። ወደ ቦታው መልሱት።

አሁን አጥብቁ፣ ከትሮትል ቦዲው ጀምራችሁ ወደ ፊልትሮው። ፋሸታው ከማገናኛው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ቱቦው ላይ ካለው ጉብታ ወደ ውስጥ በኩል ይቀመጥ። ማገናኛውን በእጅ ስታሽከረክሩት የማይዞር ከሆነ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ብታጠብቁት ፋሸታው ሲሊኮኑን ይቆርጠዋል፣ ፕላስቲክ ትሮትል ቦዲ ከሆነ ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ከማጥበቃችሁ በፊት ግን ትሮትል ቦዲውን የደፈናችሁበት ጨርቅ መውጣቱን አረጋግጡ!

ረጅም ቱቦ ያለውና ፊልትሮውን ከፓራፋንጎው ሥር የሚያወርደው ዓይነት አየሩ በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ አደጋውም እዚያው ነው። ፊልትሮው በጎርፍ ውሃ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ውሃ ይስባል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ መሄጃ ያጣል፣ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይታጠፋል። ዝናብ የሚያጥለቀልቀው መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ ፊልትሮው ከፍ ያለውን ዓይነት ምረጡ፣ ጥቂት ዲግሪ ብታጡም ይሻላል።

ማስነሳትና መፈተሽ

ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ከፎቶው ጋር አመሳክሩ። ባትሪውን መልሱ። አስነሱና ማራገቢያም መብራትም ሳትከፍቱ ሙቀቱ እስኪደርስ በሚኒሞ ተዉት። ባትሪ ስለተፈታ ኮምፒዩተሩ የተማረውን ረስቶ ይሆናል፣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን ወይ የማፍ ሶኬት አልገባም ወይ አንዱ ጎማ ተረስቷል።

ጆሯችሁን አቅርቡ። የፉጨት ድምፅ የአየር ማምለጫ ምልክት ነው። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጃችሁ ያዝ፣ ወዝወዝ አድርጉ፣ ሚኒሞው ከተለወጠ ቦታውን አገኛችሁት። ቤንዚን ወይም የሚቀጣጠል ስፕሬይ እየነፉ የሚፈልጉ አሉ፣ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ነው፣ አታድርጉት።

ከዚያ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ንዱና ቁጥሮቹን አወዳድሩ። እየሄዳችሁ የሚገባው አየር ሙቀት ከውጩ ብዙም መራቅ የለበትም፣ እስከ 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት ደህና ነው። ቆማችሁ ሲጨምር አትገረሙ፣ የትኛውም መኪና ላይ ይጨምራል። እየሄዳችሁም ከድሮው ሳጥን የባሰ ሙቀት ካሳየ ግን መከለያው ሥራውን አልሠራም፣ ክፍተቱን ፈልጋችሁ በጎማ ድፈኑት፣ የድሮውን መሳቢያ አፍም ወደ ፊልትሮው አቅኑት።

የቤንዚን እርማቱም ብዙ ይናገራል። በሚኒሞ ከፍ ብሎ ዙር ስትጨምሩ የሚወርድ ከሆነ ያልተለካ አየር የሆነ ቦታ ይገባል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ስትረግጡ የሚጨምር ከሆነ ማፉ አየሩን አሳንሶ እያነበበ ነው፣ ቱቦው ሰፍቷል ወይም ሴንሰሩ ቆሽሿል። የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ ፒ 0171 ከመጣ ቤንዚኑ አነሰ ማለት ነው፣ ከእነዚህ ሁለቱ ጀምሩ። ፒ 0113 ከሆነ የአየር ሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት እዩ፣ ብዙ ጊዜ ሳይሰካ ቀርቶ ነው። እርማቱ ከ10 በመቶ በላይ እያለ ሙሉ እየረገጣችሁ አትፈትኑት።

ከዚያ በኋላ

ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ፋሸታዎቹን እንደገና እዩዋቸው። ሲሊኮን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይቀመጣል፣ ፋሸታውም ትንሽ ይላላል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ፊልትሮውን አውጡና የቱቦውን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ አቧራ ካለ ወይ ፊልትሮው በደንብ አልታሰረም ወይ ጥራት የለውም። አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፈጨው ይህን ለነገ አትበሉ። አቧራማ መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ ፋብሪካው ከሚለው ጊዜ አጠር አድርጋችሁ አጽዱት።

በዘይት የሚሠራ የጥጥ ፊልትሮ ከሆነ በራሱ ማጽጃ አጥቡት፣ በጥላ አድርቁት፣ ዘይቱን በስሱ ንፉበት። ቀለሙ እኩል ሲሆን አቁሙ። አሳድራችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ፣ ምክንያቱም የበዛው ዘይት በአየር ተወስዶ የማፍ ሽቦው ላይ ይጋገራል። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ደረቁን ዓይነት ይግዛ። ደረቁንም ቢሆን ከውጭ ወደ ውስጥ በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ አቧራውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በለስላሳ ግፊት፣ ከራቅ አድርጋችሁ።